ኃላፊነት አንወስድም

ጭረቱ ከኋለኛው በር እጀታ ሥር ተነሥቶ እስከ ጎማው አናት ወርዷል። ከመሐሉ ላይ ቆርቆሮው መዳፍ በሚያህል ስፋት ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። መድኃኒት ቀማሚዋ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ቁጢጥ አለችና በአውራ ጣቷ አሸችው። አልለቀቀም። ጣቷን በምራቋ አርሳ ደግማ አሸችው። ቀለሙ ተገሽልጦ ብረቱ አግጥጧል።

«ምን ሆንሽ ሚጡ?»

አባቷ ከመኪናው ማዶ፣ በፊተኛው በር በኩል፣ የብረት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የዓይን ሐኪሟ የጨመረችላቸው ጠብታ ብሌናቸውን ስላሰፋው የቀትሩን ብርሃን መቋቋም አቅቷቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

«መኪናዬን ገጭተውብኛል!»

«ማን?»

«እኔ ምን አውቄ! አንዱ ዕውር ነዋ!» አለችና ወዲያው የአባቷ ዓይን ትዝ ብሏት ከንፈሯን ነከሰች።

ጠዋት መኪናውን አቁማ ተራ ለመያዝ ብቻዋን ነበር ወደ ክሊኒኩ የገባችው። አባቷን «እስክመጣ ከዚህች ንቅንቅ እንዳትል» ብላ መቀመጫቸው ላይ ትታቸው ሄዳ፣ ስትመለስም እዚያው አግኝታቸዋለች። ደግፋ ያስወረደቻቸው በእርሳቸው በኩል ስለ ነበር ይህን ወገን ልብ አላለችውም። እንግዲህ በዚያች ተራ በያዘችባት ጊዜ ወይም እነሱ ውስጥ በነበሩበት ሰዓት አንዱ መጥቶ ገጭቶ፣ ዞር ብሎ ሰው አለማየቱን አረጋግጦ፣ ሄዷል ማለት ነው። ይህን ስታስበው ደሟ ፈላ። ጉዳቱ ትንሽ መሆኑን አጥታው አልነበረም። የሚያንገበግባት ያ ሰው አሁን የሆነ ቦታ ተቀምጦ ምሳውን በሰላም እየበላ መሆኑ ነበር።

የመኪና ማቆሚያው ጥበቃ ከበሩ ዳስ ወጥታ ስትመጣ አየቻት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት፤ ሾፌሮቹ ሁሉ «ሻምበል» ነው የሚሏት።

«ምን ነበር እትዬ?»

«ይኸው፣ ይመልከቱት!»

ሻምበል በሩን አየችው። ከዚያ በመኪናው ጣራ ላይ አሻግራ ግድግዳውን ወደሚያዩት ሽማግሌ ተመለከተችና ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

«አላየሁም» አለች።

«ምኑን?»

«ማን እንደገጨው አላየሁም።»

«አላየሁም ማለት ምን ማለት ነው? ሥራሽ ማየት አይደለም እንዴ? ወይስ እዚያ ውስጥ ተቀምጠሽ ታንቀላፊያለሽ?»

«እርስዎ» ያለችው አፍ ከመቼው «አንቺ» እንዳለ መድኃኒት ቀማሚዋ ራሷም አላወቀችም። ሻምበል አልተቆጣችም። ክንዷን ዘርግታ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ብቻ አሳየቻት። «በማቆሚያው ውስጥ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» ይላል።

«ተይው ሚጡ» አሉ አባቷ። «ጭረት እኮ ነው። እንሂድ በቃ።»

«አንተ ነህ ጭረት እኮ ነው የምትለኝ?»

ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። በየማደሪያው ከመተኛታቸው በፊት መኪናቸውን ዙሪያውን በባትሪ ሲፈትሹ፣ ለአንዲት ጭረት ረዳታቸውን ሲያሸብሩ የኖሩ ናቸው። እሷንም መንዳት ያስተማሯት እርሳቸው ናቸው። አሁን ግን ወደ መቀመጫቸው ገብተው ምርኩዙን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። መስኮቱን ዝቅ አደረገችላቸው፤ የፀሐይ መከላከያውን አወረደችላቸው።

«አሁን እመጣለሁ። እንዳትወርድ። ሰምተኸኛል? እንዳትወርድ!»

ይህ «እንዳትወርድ» በመካከላቸው ታሪክ አለው። ባለፈው ክረምት አባቷ ግቢያቸው ውስጥ ወድቀው ጎረቤት እስኪደርስላቸው ድረስ ጭቃ ላይ ተጋድመው ቆይተዋል። የዚያን ሰሞን ተጨቃጨቁ፣ ተኳረፉ፣ በመጨረሻም ተስማሙ፦ ምርኩዝ ይይዛሉ፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳን ከወደቁ ግን ቤታቸውን ቆልፈው እሷ ዘንድ ይገባሉ። እርሳቸውም ፊታቸውን አዙረው «እሺ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በተገናኙ ቁጥር እሷ እግራቸውን ታያለች፤ እርሳቸውም እንደምታይ ያውቃሉ።

ክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ የጭረቱን ነገር በትዕግሥት ሰማቻትና ማቆሚያው የክሊኒኩ እንዳልሆነ፣ ለሌላ ድርጅት እንደተከራየ፣ ቢሮውም ምድር ቤት እንደሆነ ነገረቻት። ምድር ቤት ወረደች። በሩ ተቆልፎ «መጣሁ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን አይልም። እየጠበቀች ለመድን ድርጅቷ ደወለች። ሙዚቃ አሰሟት። አቋረጡና እንደገና ያንኑ ሙዚቃ ከመጀመሪያው አሰሟት። በመጨረሻ አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት እንዲህ ያለውን ትንሽ ጉዳት ባለንብረቷ ራሷ እንደምትችለው፣ ገጪው ከታወቀ ግን ነገሩ እንደሚለወጥ አስረዳቻት።

«ገጪውን ባውቀው እናንተን ምን አስደወለኝ?»

«ይቅርታ እመቤት፣ ሌላ የምናገለግልዎት ነገር ይኖራል?»

ስልኩን ዘጋችው። እሷም በቀን ስንት ጊዜ መስኮቷ ላይ ለሚንጠለጠል ሰው «ይህ መድኃኒት የለም፣ ሌላ ቦታ ይሞክሩ» እንደምትል ታወሳት። እኔ ግን ቢያንስ ሙዚቃ አላሰማም፣ አለች በልቧ።

የማቆሚያው ሥራ አስኪያጅ አፉን በመሐረብ እየጠረገ መጣ። ከወንበሩ ጀርባ ያ የግድግዳው ሰሌዳ በትንሹ ተሠርቶ ተሰቅሏል። አስቀመጣት፣ አዳመጣት፣ ሰሌዳውን አሳያት። እሷም እንዲህ ያለ ነገር ሰሌዳ ስለተሰቀለ ብቻ እንደማይቀር፣ ለሚከፈለው ክፍያ ጥበቃ እንደሚገባት፣ አስፈላጊ ከሆነም እስከ ፍርድ ቤት እንደምትሄድ ነገረችው። ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞልቶት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ወጣና በሩን ዘግቶ ከውጪ ስልክ ደውሎ ተመለሰ። ሲመለስ ፊቱ በርቷል።

«ይኸውልዎት፣ ለሰው ሲባል ይሁን። እንክስዎታለን። ጥበቃዋን ጠይቄያታለሁ፤ ከደሞዟ ቀስ በቀስ ይቆረጣል።»

«ከእሷ? እሷ ናት እንዴ የገጨችኝ?»

«በሷ ሰዓት ነዋ የሆነው። ደግሞ አላስገደድናትም። ‹እሺ፣ በእኔ ይሁን› ነው ያለችው።»

መድኃኒት ቀማሚዋ ከቅድም ጀምሮ የፈለገችው ይኸው ቀረበላት፤ እጇን ዘርግታ መቀበል ብቻ ነው። ግን አልዋጥ አላት። በዚህ ዘመን ባላጠፋው ጥፋት «በእኔ ይሁን» የሚል ሰው የት ይገኛል? ይህች ሴት አንድ ሰው ደብቃለች። ወንድሟ ይሆናል፣ ደንበኛዋ ይሆናል፣ ጉርሻ የሚሰጣት ባለመኪና ይሆናል። ዓይኗን መሬት መሬት ያስባላት ይህ ነው። አሃ!

«ካሜራ አላችሁ አይደል?» አለች እየተነሣች። «የገጨኝን ሰው አሳዩኝ። እኔ የምፈልገው የጥበቃ ደሞዝ አይደለም።»

ሥራ አስኪያጁ በረጅሙ ተነፈሰና ወደ ጎን ወዳለችው ክፍል መራት።

የካሜራ ተቆጣጣሪው ጎረምሳ ዳቦ እየገመጠ ነበር። ዳቦውን ሳያስቀምጥ በአንድ እጁ ምስሉን ወደ ጠዋት መለሰላት። የገዛ ራሷን መኪና አየች፤ ከላይ ስትታይ የልጅ መጫወቻ ትመስላለች። ከጎኗ አንድ ቀይ መኪና ቆሟል። የራሷን ቁመና አየች፦ በሩን ዘግታ፣ ጣቷን በመስኮቱ ቀስራ የሆነ ነገር ተናግራ፣ እየተጣደፈች ስትሄድ። ወዲያው የቀዩ መኪና የኋላ መብራት በራ።

«ይኸው! ይኸው! እሱ ነው! ቀስ አድርገው!»

ቀዩ መኪና ቀስ ብሎ ወጣ። ምንም ሳይነካ፣ በሥርዓት፣ ተጠማዞ ሄደ።

«አይደለም» አለ ጎረምሳው፤ ዳቦውን ገመጠ።

ከዚያ የመኪናዋ የፊት በር ተከፈተ።

መጀመሪያ ምርኩዙ ወጣ። ቀጥሎ አባቷ። ቆመው ዙሪያቸውን ቃኙ። ከዚያ ምርኩዙን መሬት በማስነካት ፈንታ አነሡና በብብታቸው ሸጎጡት። ባዶ እጃቸውን በመኪናው ጀርባ በኩል ዞሩ፤ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ ሌላ እርምጃ፣ ቆም። እየተለማመዱ ነበር። በኋለኛው በር አጠገብ ሲደርሱ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ያኔ ጉልበታቸው ከዳቸው። በጎናቸው በሩ ላይ ወደቁ፣ በብብታቸው ያለው ብረት ቀለሙን እየላገ አብሯቸው ወረደ፣ አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ።

የጎረምሳው መንጋጋ መላመጡን አቆመ።

ሻምበል እየሮጠች ከምስሉ ጫፍ ብቅ አለች። ልታነሣቸው ጎንበስ ስትል እጃቸውን አወዛወዙባት፤ ቆይ፣ ትንሽ ቆይ። እሷም ከነዩኒፎርሟ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሁለቱ መኪና ተደግፈው ወሬ የያዙ ሰዎች መስለው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ በብብታቸው ይዛ አነሣቻቸው፣ ጀርባቸውን አራገፈችላቸው። እርሳቸው ግን ወደ በሩ ዞሩ። ኪሳቸውን ዳስሰው መሐረብ አወጡና ስርጉዱን ጠረጉት። ደግመው ጠረጉት። እንደማይለቅ ሲያዩ የሻምበልን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ምስሉ ድምፅ የለውም። ሻምበል ወደ ክሊኒኩ በር አየች፣ ከዚያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

«ኧረ ሽማግሌው!» አለ ጎረምሳው። «ያውቋቸዋል?»

«አባቴ ናቸው።»

«ታዲያ ካሳውን ማን…» አለና የጀመረውን ሳቅ ፊቷን ሲያይ ዋጠው። «ልቅዳልዎት?»

«ተወው። ዝጋው።»

ሥራ አስኪያጁ በኮሪደሩ ይጠብቃት ነበር። ምን እንዳየች ጠየቃት።

«ክሱን ትቼዋለሁ» አለች። «ራሴ ነኝ ያጋጨሁት። ሌላ ቦታ ነው። ረስቼው ነው።»

«ረስተውት?»

«አዎ። የጥበቃዋን ደሞዝ እንዳትነኩ።»

እስካሁን ሲለሳለስ የቆየው ሰው አሁን ተራው ደረሰ። ሰው ሥራ ፈትቶ እንደማይውል፣ የምስኪን እንጀራ ሊቆረጥ እንደነበር፣ አንዳንድ ሰው መኪና ሲገዛ ጭንቅላቱን እንደሚሸጥ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ድረስ ነገራት። የምትመልስለት ነገር ሞልቷት ነበር። ቆማ እስኪጨርስ ሰማችው።

ሻምበል ዳሷ በር ላይ ቆማለች። መድኃኒት ቀማሚዋ ፊቷ ስትደርስ ቅድም የተናገረቻት ሁሉ ትዝ አላት።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለመኑኛ። ‹ካወቀች ቤቴን ትዘጋብኛለች› አሉኝ።»

«እኔ ነኝ ቤት የምዘጋው? ሰው ጭቃ ላይ ወድቆ እንዳይሞት ባልኩ…»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ። ያሉትን ነው የነገርኩዎት።»

«በደሞዝዎ ሊፈርዱ ነበር እኮ! አብደዋል?»

«ቃል ሰጠኋቸዋ» አለች ሻምበል፤ እሷም በነገሩ የተናደደች ትመስል ነበር። «ምን ላድርግ? እንባቸው መጣ።»

ይቅርታ ልትላት አፏን ስትከፍት አንድ መኪና መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ፤ ሻምበል መዝጊያውን ልታነሣ ሄደች።

አባቷ በተተዉበት ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ ቀኝ መዳፋቸውን በጭናቸው ላይ ገልብጠውታል። እሷ ገብታ በሩን ስትዘጋ ፊታቸውን ወደ እሷ አላዞሩም።

«ምን አሉሽ?»

«ምንም።»

«አይከፍሉም?»

«አይከፍሉም።»

«ሌባ ሁላ!» አሉ። ድምፃቸው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። «እኔ ብሆን እንዲህ በዋዛ አልለቃቸውም ነበር። ዝም ብለሽ መጣሽ?»

መድኃኒት ቀማሚዋ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። ከቅድም ጀምሮ ለጥበቃዋ፣ ለስልኳ ሴት፣ ለሥራ አስኪያጁ የተናገረችው ቁጣ ሁሉ አድራሻው ጠፍቶት ሲንከራተት ቆይቶ አሁን ትክክለኛ ቤቱን ያገኘ መሰላት። ዳሌህ ቢሰበርስ? ያ ቀይ መኪና ትንሽ ዘግይቶ ቢሆንስ? ያቺ ሴት ባትኖርስ? ዞራ አየቻቸው። በሰፉት ብሌኖቻቸው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ያያሉ፤ ከንፈራቸው ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል፤ እንደ ተከሳሽ ነው የተቀመጡት።

ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ሞተሩን አስነሣች።

«ቀበቶህን» አለች።

አባቷ ቀበቶውን ስበው አመጡና ምላሱን ወደ መቆለፊያው ወሰዱት። ሳተ። ደግመው ሞከሩ፤ ብርሃኑ ዓይናቸውን እየወጋ፣ ከጎኑ ያለውን ጨርቅ ወጉት። እጇ ከመሪው ተነሥቶ ወደ እርሳቸው ግማሽ መንገድ ሄደ። ሁልጊዜ እሷ ናት የምታስርላቸው። እጇን መልሳ መሪው ላይ አኖረችው።

ከኋላቸው ቦታ የሚጠብቅ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ቀጥሎ ረዘም አድርጎ ነፋ። አባቷ ቀና ብለው አዩዋት፣ እሷ ፊት ለፊቷን ታያለች። እንደገና አጎነበሱ። ሰውየው በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ መጮህ ጀመረ፤ መድኃኒት ቀማሚዋ ሳትዞር፣ እግሯን ከፍሬኑ ሳታነሣ፣ ጠበቀቻቸው።