ስልኩ ተይዟል

«ዝም በይ! ወረፋ ውስጥ ገብቻለሁ» አለ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ፣ በነጻ እጁ ወደ አልጋው እያመለከተ።

ሚስቱ አፏን የከፈተችው ውሃ ልትጠይቀው ነበር። መልሳ ዘጋችው። ብርጭቆው ከራስጌዋ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እጇን ትንሽ ብትዘረጋ ትደርስበታለች። መዘርጋቱ ነው ሆዷን የሚወጋት። ሕመሙ ሲነሣባት አታቃስትም፤ የአንሶላውን ጠርዝ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ እንደገና ታጥፋለች። አሁን እሱ ሬዲዮ ላይ ሊናገር ሲሰናዳ ደግሞ ትራሷን ጭምር አፏ ላይ አደረገች፣ ድንገት ድምፅ ቢያመልጣት ብላ።

እሱ መስኮቱ ጥግ ቆሟል። በዚያ ቤት ውስጥ ስልክ በደንብ የሚሠራው እዚያች ጥግ ላይ ብቻ ነው። በስልኩ ውስጥ ሙዚቃ ይመጣል፤ ከዚያ አንዲት ሴት «እባክዎ አይዝጉ፣ በቅርቡ ወደ ስቱዲዮ እናስገባዎታለን» ትላለች፤ ከዚያ ሙዚቃው ይቀጥላል።

ሬዲዮ ጣቢያው ጠዋት ጠዋት አድማጭ የሚያወያይበት ፕሮግራም አለው። እሱ የዚያ ፕሮግራም ደንበኛ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ዕድሜውን ማተሚያ ቤት ውስጥ የሌሎች ሰዎችን ሐሳብ ሲያትም ኖሮ፣ ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ቤቱ ገባ። ከዚያ በጡረታ ገንዘቡ አንዲት የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፈተ። ቀለሟ ገና ሳይደርቅ መንገድ ይሰፋል ተብሎ ፈረሰች። መንገዱ እስካሁን አልሰፋም። ሱቋ የነበረችበት ቦታ ላይ ውሃ አቁሮ እንቁራሪት ይጮህበታል። ቢሮ ለቢሮ ዞረ፤ የሚሰማው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ሬዲዮ መደወል የጀመረው።

ሰፈሩ «ፓርላማው» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ከእነሱ ክፍል ሥር፣ ምድር ቤቱ ላይ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ነው። የልብስ ሰፊው ሬዲዮ ከስፌት መኪናው ጎን ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ይውላል። እሱ በደረጃው በወረደ ቁጥር አንድ ነገር ሳይወረውርበት አያሳልፈውም።

«ፓርላማው! ዛሬ ስብሰባ የለም እንዴ? አገሩ እኮ ያለ አንተ ሊፈርስ ነው!»

«ሳቅ አንተ፣ ሳቅ። ዝም ያለ ሕዝብ ነው እንዲህ የሚረገጠው።»

«እኔማ መች ዝም አልኩ? መኪናዬ ይጮህልኛል።»

አንድ ጊዜ አየር ላይ ገብቶ ስለ ታክስ እየተናገረ ሳለ ሌላ ሰው ደወለና ስልኩ ጢጥ ጢጥ አለ። አወያዩ «ይቅርታ፣ ስልክዎ እየረበሸን ነው» ብሎ ከነሐሳቡ አወጣው። ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው ለእረፍት ስትመጣ ጢጥታውን አጥፊልኝ አላት።

«አባዬ፣ ይሄ ከጠፋ እኮ አንተ እያወራህ ሰው ሲደውልልህ ተይዟል ነው የሚለው።»

«ይበል! የአገር ጉዳይ እየተናገርኩ ማን ነው የሚያቋርጠኝ?»

አጠፋችለት።

ሚስቱ ሆዷ ውስጥ እጢ የተገኘባት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ቶሎ ይውጣ አለ። ሆስፒታሉ ግን አልጋ አልነበረውም። መስኮት ላይ ያለችው ነርስ «አልጋ ሲለቀቅ እንደውላለን፤ ስልክ ካልተነሣ ለሚቀጥለው ሰው ነው የምንሰጠው። የማንን ቁጥር ልያዝ?» ብላ ጠየቀች። ሚስቱ ስልክ የላትም፤ የልብስ ሰፊውን ልትሰጥ አፏን ስታሞጠሙጥ ቀደማት። «ምን ሲደረግ! አባወራው እያለ?» ብሎ የራሱን ሰጠ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩን ከእጁ ለይቶት አያውቅም። ሽንት ቤት ሲገባ ይዞት ይገባል፤ ሲታጠብ በሩ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሬዲዮም ጨርሶ ትቶ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ግን ከታች ከልብስ ሰፊው ቤት የአወያዩ ድምፅ «የዛሬው ርዕሳችን የመንግሥት አገልግሎትና የሕዝብ እሮሮ ነው» ሲል መጣ። ርዕሱ ስሙን ጠርቶ የጋበዘው መሰለው። ሆስፒታሉ እንደሆነ ክረምቱን ሙሉ ሳይደውል ከርሟል። በዚህች ቅጽበት ይደውላል ብሎ ማን ያስባል?

ሙዚቃው ተቋረጠ።

«መስመር ላይ ያሉት አድማጫችን፣ ገብተዋል። ይቀጥሉ።»

«እኔ የምናገረው ፖለቲካ አይደለም» ብሎ ጀመረ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚጀምረው። «እኔ የምናገረው ስለ ሚስቴ ነው። ሚስቴ ታማ ተኝታለች። ሐኪሙ ቶሎ ቀዶ ጥገና ይደረግላት አለ። ቶሎ ያለው ክረምት ሳይገባ ነው፤ ይኸው ክረምቱ ወጣ። ስልክ ጠብቁ ተባልን። እሺ፣ እንጠብቃለን። መብራት እንጠብቃለን። ውሃ እንጠብቃለን። የመረጥነውን ሰው እንጠብቃለን፤ እሱ ደግሞ ሌላ ምርጫ እስኪመጣ አይታይም። ልጆቻችን ሥራ ሲጠብቁ ሸበቱ። እኔ ልጠይቅ፣ አለቆቻችን ሲታመሙ ስልክ ይጠብቃሉ? በአውሮፕላን ነው የሚሄዱት! የእኛ አውሮፕላን ይቺ ስልክ ናት፤ እሷም አልጮህ አለች።»

ከታች ልብስ ሰፊው ሬዲዮውን እስከ ጥግ ከፈተው። የስፌት መኪናው ቆሟል። የገዛ ድምፁ በመስኮቱ በኩል ተመልሶ ሲገባ ሰማው፤ የሌላ ሰው፣ የትልቅ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። አልጋው ላይ ሚስቱ ትራሱን ከአፏ አንሥታ ታየዋለች።

«ልብ የሚነካ ነው» አለ አወያዩ። «መፍትሔውስ ምንድን ነው ይላሉ?»

መፍትሔ ጠይቀውት አያውቁም። ከዚህ በፊት ሁልጊዜ ችግሩ ላይ ሳለ ነበር የሚቋረጠው።

«መፍትሔውማ…» ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ። «መፍትሔው ሰው ሲጣራ የሚሰማ ጆሮ ነው።»

«በጣም ጥሩ አባባል። እናመሰግናለን።»

መስመሩ ተቋረጠ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ በሩ ላይ ደረሰ።

«አንተ ሰውዬ! ዛሬስ ሸንጎውን አናወጥከው! ደንበኛዬ ሱሪውን ሳይቀበለኝ ሲያለቅስ ሄደ! ‹የእኛ አውሮፕላን ይቺ ስልክ ናት›… ከየት አመጣኸው?»

«ከሆዴ ነው» አለ፣ ፊቱ በርቶ።

ያኔ ስልኩ ነዘረ። መልእክት ነው። ከዚያ ሌላ መልእክት። ከዚያ ሌላ። ስልክዎ በተያዘበት ጊዜ የሚከተለው ቁጥር ደውሏል፣ ይላል ሁሉም። ቁጥሩ አንድ ነው። በቃሉ ያውቀዋል፤ ቢደውሉ እንዳያመልጠኝ ብሎ ያጠናው ቁጥር ነው።

መልሶ ደወለ። ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። እንደገና ደወለ።

«ማን ነው?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ማንም። አንድ ጉዳይ አለብኝ፣ መጣሁ» ብሎ ጃኬቱን አነሣ። ሚስቱን ሳያያት ወጣ።

ሆስፒታሉ መስኮት ላይ ያቺው ነርስ ነበረች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ የሳሙና ማስታወቂያ ታወራለች። የሚስቱን ስምና የመጣበትን ጉዳይ ሲነግራት ራሷን ነቀነቀች።

«አባባ፣ ስደውልልዎ ነበር እኮ። ተይዟል፣ ተይዟል፣ ተይዟል። አልጋው ባዶውን እንዲያድር አይፈቀድልኝም፤ ለሚቀጥለው ሰው ሰጠሁት።»

«አስቸኳይ ስልክ ላይ ነበርኩ።»

«የኔም አስቸኳይ ነበር።»

ቁጣው የለመደውን መንገድ ይዞ ከተፍ አለ። «ይሄ ነው እኮ! ይሄ ነው የዚህ አገር ችግር! ሰው ከዕቃ ሳይለይ! አንዲት ስልክ ተያዘች ተብሎ የሰው ነፍስ…»

ነርሷ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደችና አፈጠጠችበት።

«ቆይ፣ ቆይ… ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። ጠዋት ሬዲዮ ላይ የነበሩት እርስዎ ነዎት?»

የቀሰረውን ጣቱን አወረደ።

«በሞቴ! እየሰማሁዎት እኮ ነው ስደውል የነበረው! በአንዱ ጆሮዬ እርስዎን፣ በሌላው ጆሮዬ ተይዟል የሚለውን። ‹እውነቱን ነው ይሄ ሰውዬ፣ አፉ ይባረክ› እያልኩ። ከሰማሁት ሁሉ እንደርስዎ የተናገረልን የለም፤ እኛም እኮ ተቸግረን ነው። ምነው የሚስትዎን ስም እንኳ ቢጠሩት ኖሮ…»

አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም። ሚስቴ፣ ሚስቴ ሲል ነበር እንጂ ስሟ ከአፉ አልወጣም። አገሩ ሁሉ የሰማው ስለ አንዲት ሚስት ነው።

«አሁንስ?» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

«ቀዶ ጥገናውን የሚያደርግላት ሐኪም ከነገ ጀምሮ ለሥልጠና ይሄዳል። ሲመለስ ተራዋን አስቀድምልዎታለሁ።»

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

«እሱን ለኛም ቢነግሩን ደስ ባለን።»

በኮሪደሩ ሲወጣ አንዲት እናት አግዳሚ ወንበር ላይ የልጇን ጫማ ታቅፋ ተቀምጣለች። አልፏት ሊሄድ ሲል ፈገግ አለችለት፤ ደስታ ሲሞላው ከማንም ጋር እንደሚያወራ ሰው ነበረች።

«ልጄን አሁን አስገቧት። ተስፋ ቆርጠን ነበር፤ አንዱ ሰው ስልኩን አላነሣም ብለው ጠሩን። እርስዎስ ማንን አስተኙ?»

«ማንንም» አለ። «እግዜር ይማራት።»

በእግሩ ነው የተመለሰው። በመንገዱ ላይ የሚወቅሰው ሰው ፈለገ። መንግሥት አለ፤ መንግሥትን ለመውቀስ ምንጊዜም ምክንያት አይጠፋም። አልጋው ቢበዛ ኖሮ፣ ሐኪሙ አንድ ባይሆን ኖሮ፣ ሱቄን ባያፈርሱት ኖሮ… ሁሉም እውነት ነበር። ግን ሁሉም እውነት ሆኖ ሳለ በመጨረሻ እዚያች መስኮት ጥግ ላይ ስልክ ይዞ የቆመ አንድ ሰው ይቀራል።

ልብስ ሰፊው ከበሩ ላይ ሆኖ ሲጠብቀው ነበር።

«ሆስፒታል ነበር የሄድከው አይደል? ምን አሉህ?»

«ምን ይላሉ። አልጋ የለም አሉ።»

«ሳይደውሉ ቀሩ ማለት ነው?»

«አልደወሉም።»

ቃሉ እንዴት ቀልሎ እንደወጣ ራሱን ገረመው። ልብስ ሰፊው መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«እነዚህ ሰዎች! በሰው ሕይወት ይቀልዳሉ! ነገ ደውል። ስማቸውን ጠርተህ አዋርዳቸው። ከፈለግክ የስልኩን ሒሳብ እኔ እችላለሁ። ስቄብህ ነበር፣ አሁን ግን አልስቅም፤ በለው፣ ፓርላማው!»

ደረጃውን ወጣ።

ሚስቱ ትራሱን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ለመቀመጥ ብዙ እንደታገለች ያስታውቃል፤ ግንባሯ በላብ ረጥቧል። ፀጉሯን አበጥራለች።

«ሰማሁህ» አለችው። «ስለኔ ስትናገር። ሌላ ጊዜ ስለ ታክሱ፣ ስለ ምኑ ስትል እንቅልፌ ይመጣ ነበር። ዛሬ ግን አለቀስኩ።»

«ተኚ፣ አትቀመጪ።»

«ከታች ስታወሩም ሰምቻለሁ። አልደወሉም አይደል?» መልሱን አልጠበቀችም። «አውቄው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ‹ተወው፣ ምን አገባህ፣ ዝም በል› እያልኩ አንተን ስከለክል ኖርኩ። አንተ ነበርክ ልክ። እነዚህ ሰዎች ልብ የላቸውም። ድሃ ቢሞት ባይሞት ምናቸው ነው? አንድ ስልክ መደወል ምን ያህል ይከብዳል? አንድ ስልክ!»

ሰው ስትረግም ሰምቷት አያውቅም። ሱቁ ሲፈርስ እንኳ «ነፍሳችን ትትረፍ» ብላ ነበር ያለፈችው። ከተጋቡ ጀምሮ በዚህ ነገር ከእሱ ጋር ስትስማማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ስንት ዓመት የፈለገው ነገር ነበር፤ ሌላው ሕዝብ ቢቀር እሷ እንኳ ልክ ነህ እንድትለው። አሁን አለችው። ከአሁን በኋላ የሚጠበቅበት «አዎ» ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። ቁጣዋ እንኳ ሳይጠቅማት አይቀርም፤ ፊቷ ላይ ክረምቱን ሙሉ ያላየው ደም መጥቷል።

ስልኩን አላነሣም ስለተባለው ሰው የምታወራው ልጇን ያስተኛችው እናት ብቻ ናት፤ እሷም እሱ መሆኑን አታውቅም። ነርሷ ሚስቱን የት ታገኛታለች? ልብስ ሰፊው ምን ያውቃል? አገሩም ቢሆን አንድ እርግማን ቢጨመርበት የሚሰማው አይመስልም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፍራሹ ሲረግብ ሕመሙ እንዳይነካት ቀስ ብሎ ነበር የተቀመጠው። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ መልእክቶቹን ከፍቶ እጇ ላይ አኖረላት።

«ደውለው ነበር» አላት። «ያኔ ሬዲዮ ላይ ሳወራ ነው። ስልኩን ይዤው የነበርኩት እኔ ነኝ።»