የቀለም ቀቢው ዘፈን መጨረሻ

«ጋራዦቹ» የሚባለው ባንድ ሲጫወት ሰምቶ የጨፈረ ሰው እስካሁን አልታየም። መጨፈር ያማረው ታክሲ ይዞ ሌላ ቤት ይሄዳል። እነሱ ረጅም ታሪካቸውን በጊታርና በአኮርዲዮን ጀምረው፣ መሀል ላይ በከበሮና በቤዝ ግድግዳውን ካናወጡት በኋላ፣ መጨረሻውን ጠጋ ብለህ ካልሰማህ በማይሰማ ድምፅ ይነግሩሃል። አዝማች የሚባል ነገር የላቸውም። ስማቸውን ያገኙት ከቤዝ ተጫዋቹ ጋራዥ ነው፤ ሰውየው መካኒክ ነውና ሥራ ሲዘጋ እዚያው ይለማመዱ ነበር። ሦስቱንም አልበሞቻቸውን ያለ አሳታሚ፣ ግማሹን በራሳቸው አቅም፣ ግማሹን በእልህ አወጡ።

ከሁሉም የሚወደድላቸው የቀለም ቀቢው ዘፈን ነው። ቀለም ቀቢው የዘፋኙ አባት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲቀባ ኖሮ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ፤ ሲሞት አጠገቡ የነበረው ዘፋኙ ብቻ ነው። እናቱ ንጹህ ፒጃማ ልታመጣ ቤት ሄዳ ነበር። ዘፈኑ የሚያልቀው በአባትየው የመጨረሻ ቃል ሲሆን፣ የባንዱም ዘዴ ያለው እዚያ ላይ ነው። ዘፋኙ የታዳሚውን ፊት ያይና ቃሉን እንደ ፊቱ ይለውጠዋል። ባለትዳር ከበዛ አባትየው ስለ ሚስቱ ይናገራል፤ ወጣት ከበዛ ስለ መንገድ፤ ዝናብ ከጣለ ስለ መስኮት። ሰው ይህን ስለሚያውቅ ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ ሊሰማ ይመጣል።

አንድ እሁድ ከሰዓት እናቱ ቤት አምፖል ሊቀይርላት ወንበር ላይ ወጣ። እሷ ከታች ወንበሩን ይዛለት ነበር።

«ሁለቴ መጥቼ ሰማሁህ» አለችው። «መጀመሪያ ‹እሷን አደራ› አለ አልክ። በሁለተኛው ‹መስኮቱን ክፈቱልኝ› አለ አልክ። የቱን ነው ያለው?»

«እማ፣ ዘፈን እኮ ነው።»

«ለዘፈኑማ አጨብጭቤልሃለሁ። አሁን የምጠይቅህ ስለ ባሌ ነው። ያን ጊዜ ‹ተሰቃየ ወይ?› ብዬህ ዝም አልኩ፤ ሌላውን የምሰማበት አቅም አልነበረኝም። አሁን አለኝ። እኔን አንስቶ ነበር?»

ዘፋኙ የጠበቀውን አምፖል እንደገና አጠበቀው። ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም፤ ቃሉን ፈልጎ አጣው። አባቱ አልጋው ላይ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ በደንብ ይታየዋል። ጆሮውን ሲያስጠጋ ግን የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው፣ ያውም ከነአኮርዲዮኑ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሱ እውነት ግን እያደር ደፈረሰ።

«ነገ እነግርሻለሁ» ብሎ ከወንበሩ ወረደ። እሷም አልነዘነዘችውም፤ ይሄ ይበልጥ አስጨነቀው።

በማግስቱ ጋራዥ ሄደ። ከበሮ መቺዋን የከበሮዋን ቆዳ ስትወጥር አገኛትና የአባቱ የመጨረሻ ቃል የቱ እንደነበር ጠየቃት።

«እኔ የማስታውሰው ‹እሷን አደራ› የሚለውን ነው» አለችው። «አልቅሼበታለሁ እኮ።»

«የት ሆነሽ?»

«መድረክ ላይ።»

አኮርዲዮን ተጫዋቹ ጋ ደወለ። እሱ ደግሞ ‹መሰላሉን አውርዱልኝ› ነው ብሎ ማለለት። ዘፋኙ ይህን መቼ እንደዘፈነው እንኳ ትዝ አላለውም። ጭራሽ ዞረበት።

መካኒኩ መኪና ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ቅኔ የሚሉት ነገር በዚህ ሰው ደጃፍ አላለፈም፤ ቤዙንም የሚጫወተው ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ነው።

«ዘፈን ከመሆኑ በፊት የነገርከንን ነው የምትፈልገው?» አለ ከሥር።

«ነግሬያችሁ ነበር እንዴ?»

«ከቀብሩ በኋላ፣ እዚያች ጎማ ላይ ተቀምጠህ። ‹ብሩሹ ውሃ ገብቷል ወይ?› አለኝ፣ ይቃዥ ነበር አልከን። ዘፈኑን ስንሠራ ደግሞ፣ ይሄ ለመጨረሻ አይሆንም፣ ሰው ይስቅብናል ብለህ አወጣኸው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ ምን ፈጠራ አውቃለሁ? እሱ ያንተ ሥራ ነው።»

ዘፋኙ ቃሉን በአፉ ደጋገመው። የአባቱ ድምፅ መሰለው፤ ወዲያው ደግሞ የመካኒኩ መሰለው። ስለ እናቱ አንድም ነገር የለበትም። ሊወስድላት የፈለገው አደራ ነበር፣ ያገኘው ብሩሽ ሆነ። ወደ ቤቷ ሲሄድ መንገድ ላይ ‹እሷን አደራ› ብሏል ብሎ ሊዋሽላት ወሰነ፤ ጥግ ሲዞር ተወው፤ አስፋልቱን ሲሻገር እንደገና ወሰነ። ችግሩ፣ ያ ራሱ ውሸት መሆኑንም እርግጠኛ አልነበረም።

እናቱን አንሶላ ስታጥፍ ደረሰባት። ጫፉን አቀበለችውና አብሯት ያጥፍ ጀመር።

«እማ፣ ቃሉ ጠፍቶብኛል» አላት። «ሌላ ሰው ነው ያስታወሰኝ፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ስላንቺም አይደለም። ‹ብሩሹ ውሃ ገብቷል ወይ?› አለ ነው የሚለኝ። ሲቃዥ ይሆናል።»

እናቱ አንሶላውን እንደያዘች ቀረች።

«አልቃዠም» አለች። «የዘይት ቀለም የነካው ብሩሽ ውሃ ውስጥ ካላደረ ይደርቃል። ከሥራ ሲመጣ ብሩሹን ለእኔ ይሰጠኝና እጁን ሊታጠብ ይሄዳል። ማታ እናንተ ከተኛችሁ በኋላ፣ መብራቱን ስናጠፋ ‹ብሩሹ ውሃ ገብቷል ወይ?› ይለኛል። ‹ገብቷል፣ ተኛ› እለዋለሁ። ካልመለስኩለት እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።»

አሁን ለዘፋኙ የአባቱ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማው፤ ግን ከሆስፒታሉ አልጋ ይሁን ከእናቱ አፍ መለየት አልቻለም።

«እና አንተ ምን አልከው?» አለች።

«ምንም። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።»

«ሳትመልስለት?»

«ሳልመልስለት።»

እናቱ ጫፉን ከእጁ ተቀብላ አንሶላውን አጥፋ ጨረሰችና አልጋው ላይ አኖረችው። ከዚያ ባሏ የቀባውን ግድግዳ በመዳፏ ነካ አደረገችው።

«ገብቷል» አለች፣ ለልጇ አይደለም። «ገብቷል፣ ተኛ።»