አምስተኛዋ ጉርሻ

በ1963 ዓ.ም. ወይዘሮ የትምወርቅ በእግሯ መሄድ የጀመረች ሰሞን ዲላ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ቡና ነጋዴዋ ሴትዮ ዱሮ ከቤቷ እስከ ቡና መግዣዋ፣ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስባትን መንገድ፣ በበቅሎ ነበር የምትሄደው። በቅሎዋ ስታያት ጆሮዋን ትጥል ነበር ይባላል። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት በሸራ ጫማ፣ ላብ በላብ ሆና፣ እስከ ወንዙ ድልድይ ደርሳ ትመለሳለች። ምናልባት ብትደክም ተብሎ አሽከሯ ጓንጉል የተጫነችውን በቅሎ ባዶዋን እየሳበ ይከተላታል።

«ከሰረች» አለ ገበያው። «ነቀርሳ ነው» አለ ጠጅ ቤቱ። «ቡዳ ነው» ያሉም አልጠፉ። ሰው ሲወፍር «ተመቸው»፣ ሲከሳ «አበቃለት» የሚል አገር ነው፤ ምን ይደረግ!

ነገሩ እንዲህ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ከጨጓራ ቁስሏም ከውፍረቷም ባንድ ላይ ልገላግልሽ ብሎ፣ ጨጓራዋን ከግማሽ በላይ ቆርጦ አወጣው።

«የቀረችሽ ሲኒ የምታህል ናት» አላት በአስተርጓሚ። «በአንድ ማዕድ አምስት ትናንሽ ጉርሻ ብቻ፤ በየቀኑም በእግርሽ ትሄጃለሽ። ካበዛሽ ትለጠጣለች፤ ወደነበርሽበት ትመለሻለሽ። ያን ጊዜ ዳግመኛ ልቆርጥሽ አልችልም፤ ልብሽ አይችለውም።»

ስምንት ወር ትእዛዙን ጠበቀች። ሁለት ዙር ብቻ ይዞራት የነበረው መቀነት አራት ዙር ደረሰ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከሰው ቤት የቅቤ ሽታ ሲመጣባት ቁጭ ብላ ያለቀሰችበት ቀን አለ። አንዴም ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ ቢይዝ «ዛሬስ ይቅርብኝ» ብላ ተኛች፤ በሦስተኛው ቀን በገዛ ራሷ ተናዳ፣ ጭቃውን እየረገመች ወጣች።

ከዚያ ታላቅ እህቷ ወይዘሮ አሰገደች ከይርጋጨፌ በአውቶቡስ መጡ። እናታቸው በልጅነቷ ሞታባት፣ አጉርሰው ያሳደጓት እኚህ ናቸው። ውፍረቷ የእሳቸው ሙያ፣ የእሳቸው ኩራት ነበር። ደጃፍ ላይ ሲያዩዋት መርዶ እንደሰማ ሰው ደረታቸውን መቱ።

«ውይ፣ እኔ ልሙት! ልጄን ማን በላብኝ?»

በማግስቱ ጎረቤት ጠርተው፣ በቅቤ የራሰ ክትፎ ከነቆጮው አቀረቡ። የትምወርቅ አራት ትናንሽ ጉርሻ በቀስታ አላምጣ እጇን ሰበሰበች። ይኼኔ ወይዘሮ አሰገደች ቡጢ የሚያህል ጠቅልለው ከንፈሯ ላይ ደቀኑ።

«እትዬ፣ ይበቃኛል።»

«በሞቴ!»

በሞቴ ተብሎ እንቢ አይባልም፤ እንኳን ያሳደገ፣ ባዳም ቢል ይጎረሳል። ቅቤው በክንዳቸው ላይ ይወርዳል። የትምወርቅ ያቺን እጅ ከማንም እጅ አብልጣ ትወዳታለች። ግን ተናደደችም። ስምንት ወር ሙሉ፣ ያ ሁሉ ጭቃ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ሳቅ፣ ለአንድ ጉርሻ?

«እትዬ» አለች፣ «በሞቴ ሲሉኝ እርስዎ አይሞቱም። የምሞተው እኔ ነኝ።»

የወይዘሮ አሰገደች እጅ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ጉርሻውን ማዕዱ ላይ መልሰው አኖሩት። መቀነቷን አዩ፤ ዙሩን በዓይናቸው ቆጠሩ። ከዚያ ፊቷን አዩ። ከመጡ ጀምሮ ክሳቷን እንጂ ፊቷን አላዩም ነበር፤ ወዙ ተመልሷል።

«ሐኪሙ ስንት ነው ያለሽ?»

«አምስት።»

«ስንት በላሽ?»

«አራት።»

አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠርገው የጣት ራስ የምታህል ጉርሻ ጠቀለሉ። የትምወርቅ እንደ ልጅነቷ አፏን ከፈተች። ጎረቤቱ ሁሉ እፎይ አለ። ወዲያው ግን ያቺ የለመደባት እጅ ሌላ ጉርሻ ይዛ መጣች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ የትምዬ! የሚያፋቅረው ሁለት ነው።»

የትምወርቅ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ የአፏን አላምጣ እስክትውጥ አስጠበቀቻቸው።

«እንግዲያው ተጣልተን እንደር፣ እትዬ። ነገ ጠዋት በእግራችን ድልድዩ ድረስ ስንሄድ እንታረቃለን። ከደከመዎ በቅሎዋ ባዶዋን ናት።»