ነፃ አውጪው

የሰፈሩ ሰው ባሌን «ነፃ አውጪ» ይለዋል። የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው፤ በየፎቁ መሀል የተቀረቀረውን ሰው ሁሉ ሲያወጣ ይውላል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ምላሷ ከመቀሷ አይተናነስም ይሉኛል።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ነፃ አውጪው ሌላ ሰው ሆነብኝ። ያመሻል። ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ይገባል። የት ነበርክ ስለው «ሥራ በዛ» ይላል። ደረቴን ይወጋኛል ብሎ ሐኪም ቤት ሄደ፤ «ልብህ የበሬ ልብ ነው አሉኝ» ብሎ ተመለሰ። እናቱ እልል አሉ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ይብስ ዝም አለ። ጤነኛ ነህ ተብሎ የሚያዝን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኋላ ጎረቤቴ፣ አውቶቡስ እያለለት ጉዳይ በሌለው ሰፈር በእግሩ ሲንከራተት እንዳየችው ስትነግረኝ ነገሩ ፍንትው አለልኝ። ሴት ናት። ሌላ ምን ይሆናል?

እጅ ከፍንጅ ልይዘው ስፌቴን ጥዬ ወደሚሠራበት ሕንፃ ሄድኩ። ዘበኛው «ሰባተኛ ፎቅ ነው» አለኝ። ሊፍቱ ስድስተኛውን አልፎ ሊደርስ ሲል መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋና ቀጥ ብሎ ቆመ። የአደጋውን ደወል ተጫንኩ።

ብዙም አልቆየ፣ ከበላዬ ቁልፍ ሲዞር ተሰማኝና የውጩ በር ተከፈተ። የውስጡን እኔ ፈለቀቅኩት። ከጣሪያው ሥር አንድ ስንዝር የምታህል ክፍተት ተገኘች፤ በእሷ በኩል የባሌ ጫማዎች ታዩኝ።

«አይዞዎት፤ አየር አያልቅም» አለ ባለ ጫማው። «ይቀመጡ። ጀርባዎን ግድግዳው ላይ ያስደግፉ። አሁን የሚያዩትን ይንገሩኝ።»

ከሌላ ሴት ጋር እንዴት እንደሚያወራ ልስማ ብዬ ድምፄን አቀጠንኩ። «ጫማ ይታየኛል።»

«ጎበዝ። አሁን ላይ ወደ ሞተሩ ክፍል ወጥቼ ሞተሩን በእጄ እያዞርኩ ሊፍቱን እስበዋለሁ። ሲቆም በሩን በሁለት እጅዎ ይግፉት።»

እንዲህ ያለ ለስላሳ አንደበት እንዳለው አላውቅም ነበር። ቀናሁ፤ አልዋሽም። ጫማዎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ቆይተው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ትንፋሹ ዳገት እንደ ወጣ ሰው ሆነ።

«አንተ! ምን ሆነሃል?» ድምፄን ማቅጠኑን ረሳሁት።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ሴትዮህን ልይዝ መጥቼ ራሴ ተያዝኩልህ። በል ቶሎ አውጣኝ!»

«አልችልም።»

«ሥራህ አይደለም እንዴ? ወንድ አይደለህም?»

ያበላሸሁት ይህን ጊዜ ነው። ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ደረቱን ጨምድዶ ይዞ «ሞትኩ፣ አሁንስ ሞትኩ» ይላል። እኔ ብረት ሣጥን ውስጥ ነኝ፤ ባሌ ዓይኔ እያየ ይሞታል፤ በመካከላችን ያለችው ቀዳዳ ጭንቅላቴን እንኳ አታሳልፍም። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሰው ልጥራ ብዬ ስጮህ «ተይ!» አለኝ። «አለቃዬ ከሰማ አበቃልኝ። ሊፍት የሚፈራ የሊፍት ሠራተኛ ማን ያሠራል?»

እየተቆራረጠ ነገረኝ። ሊፍት፣ አውቶቡስ፣ በር የሚዘጋበት ነገር ሁሉ እንዲህ ያደርገዋል። ሰባቱንም ፎቅ በደረጃ ነው የሚመላለሰው፤ ቤቱም የሚገባው በእግሩ ነው። ከሁሉም የሞተሩ ክፍል፣ ያ ጠባብ ጉድ፣ ይብስበታል። ሐኪሙ የድንጋጤ ሕመም ነው፣ ይድናል፣ ለአእምሮ ሐኪም ታይ ብሎት ኖሯል። እሱ ለእኛ የነገረን ግማሹን ነው።

«ጤነኛ ሆኜ በየቀኑ እንደምሞት ለማን ልንገር?» አለኝ። «ላንቺ? በዚያ ምላስሽ?»

ምነው ነገሩ የሴት ጉዳይ በሆነ ብዬ ተመኘሁ፤ ሴት ማባረር አያቅተኝም።

እጄን በክፍተቷ አሾልኬ ቁርጭምጭሚቱን ያዝኩት። ምን እንደሚባል አላውቅም፤ የማውቀው እሱ ቅድም ያለኝን ብቻ ነው።

«ተቀመጥ» አልኩት።

«ተቀምጫለሁ» አለ። በዚያ ሁኔታው እንኳ ያርመኛል።

«እሺ፣ ጀርባህን አስደግፍ። አየር አያልቅም። የምታየውን ንገረኝ።»

«ጣትሽን። መርፌ የወጋውን።»

«ሌላስ?»

«ቀለበትሽን።»

አላጣደፍኩትም። የተወሳሰበ ክር ከጎተቱት ይብስ ይጠብቃል፤ ይህንን ማወቅ የነበረብኝ ዱሮ ነው። ቁርጭምጭሚቱ መንቀጥቀጡን እስኪተው ክንዴ ደነዘዘ።

ተነሣ። «በሩን ልዘጋብሽ ነው» አለኝ።

«ዝጋው።»

ኮቴው ወደ ላይ ራቀ። ጨለማው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ወደዚያች ክፍል ይግባ አይግባ አላውቅም። ብዙ ቆየ። ተመልሶ ሄዷል ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ሊፍቱ ተነቃነቀ። ትንሽ ይሳብና ይቆማል፤ ደግሞ ይሳባል። በቆመ ቁጥር እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። በመጨረሻ ጸጥ ሲል በሩን በሁለት እጄ ገፋሁትና ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም። ድምፁ ከላይ፣ ከሞተሩ ክፍል፣ በደረጃው በኩል መጣ።

«ወጣሽ?»

«ወጣሁ! አንተስ?»

«እኔ ገና ነኝ» አለኝ።

«በል ተቀመጥ» አልኩትና ደረጃውን መውጣት ጀመርኩ።