ከጠበል የተመለሱት አክስት

የሌሉት አክስታችን ወይዘሮ ዘነቡ ማክሰኞ ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከጠበል ተመለሱ። በአንድ እጃቸው ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል፤ ነጠላቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ውጭ ፀሐይ ነበር።

የሌሉት ያልኩት ለመናቅ አይደለም። የፈጠርኳቸው እኔ ስለሆንኩ ነው። ከዚያ ማክሰኞ ሦስት ወር በፊት ሰፈራችንን ጎርፍ ሲወስደው ከከተማው ዳር በቆርቆሮ ወደተሠራው ጊዜያዊ መጠለያ አመጡን። ቋሚ ቤት እስኪደርሳችሁ ነው ተባልን። ደንቡ ቀላል ነበር፤ እስከ ሦስት ሰው አንድ ክፍል፣ ከአራት ሰው ጀምሮ ሁለት ክፍል። እኛ ሦስት ነን፤ እኔ ደምስ፣ ባለቤቴ እልፍነሽና የሰባት ዓመቷ ልጃችን ትርሲት። በሰልፉ ላይ ግን ቤተሰቡን በልኩ ያስመዘገበ አንድም ሰው አላየሁም። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ሁለት ወንድሞች ጨመረ። የት ናቸው ሲባል «ክፍለ ሀገር» አለ። ከእሱ በፊት የነበሩትም ሁሉ ክፍለ ሀገር ብለዋል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ዓይነት ጨርቅ ሲበዛ ያስታውቃል ብዬ «የባለቤቴ አክስት ወይዘሮ ዘነቡ፣ ስልሳ ሁለት ዓመት፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ለጠበል ሄደዋል» አልኩ። መዝጋቢው አቶ ኩምሳ «ይማርልዎ» ብለው ጻፉ። ሁለት ክፍል አገኘን። በብልጠቴ ኮራሁ።

ስህተቴ ይኸው ነው። ክፍለ ሀገር የሄደ ሰው እዚያው ሊቀር ይችላል። ጠበል የሄደ ሰው ግን ይመለሳል።

እልፍነሽ መጀመሪያ ተሳስተው የገቡ መስሏት ነበር።

«እናቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«አክስትሽ ነኝ። ዘነቡ። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ጉልበቴን ያመኛል።»

«በእናቴ ነው በአባቴ?»

እሱ ቅጹ ላይ አልተጻፈም። የት እንደተወለዱ፣ ልጅ እንዳላቸው፣ ምን መብላት እንደሚወዱ ብንጠይቃቸው «ጉልበቴን ያመኛል» ይሉናል። ከተጻፈላቸው ውጭ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ጎረቤቶቻችን እንኳን በሰላም ተመለሱ እያሉ መጡና ከጀሪካኑ ጠበል ተቀዳላቸው። ቢቀዳም ቢቀዳም አልጎደለም።

ትርሲት ብቻ አልፈራቻቸውም። የክፍላችን በር መቀርቀሪያው ከውስጥ ስለነበር ሁልጊዜ ከሥራ ስመለስ አንኳኩቼ «ጅብ መጣ» እላለሁ፤ እሷ ከውስጥ «አጥንት የለንም!» ብላ እየሳቀች ትከፍትልኛለች። ከሦስታችን በቀር ይህን ጨዋታ የሚያውቅ የለም። ሐሙስ ዕለት በሩን ስትከፍትልኝ ጫማዋ ረጥቦ አየሁት። ዝናብ አልነበረም።

«እትዬ፣ ልጄን የት ወስደዋት ነው?»

«የትም። እየተዘጋጀች ነው።»

«ለምኑ?»

«እኔ ስመጣ ቦታዬ ባዶ ቀረ። እዚያም ቆጠራ አለ፣ ልጄ። አንድ ሰው ጎድሎባቸዋል።»

ይህን ሲሉ በድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

«እኔ ልሂድ» አልኳቸው።

«አንተ የቤተሰብ ኃላፊ ተብለህ ተጽፈሃል። ኃላፊ አይሄድም። ሚስትህም ተጠሪ ናት።»

በነጋታው እልፍነሽ «ቤቱ ገደል ይግባ፤ ሂድና እውነቱን ተናገር» አለችኝ። ሜዳ ላይ ብንወድቅም ግድ አልነበረንም። እየሮጥኩ አቶ ኩምሳ ቢሮ ገባሁ።

«ዋሽቻለሁ። ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ ሰው የሉም።»

«ትናንት ሰላም ብለውኛል እኮ።»

«እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። ይሰርዙልኝ።»

«ያለን ሰው የለም ብዬ ልጻፍ? አሮጊት ከቤት ለማስወጣት ነው ይሄ ሁሉ? ነውር ነው፣ አቶ ደምስ።»

«እንግዲያው አንድ ሰው ይጨምሩልኝ። ማንም ይሁን። እሱ ይሄዳል።»

«ምዝገባው ተዘግቷል» ብለው መዝገቡን ከደኑት። «ይልቅ እንኳን ደስ ያለዎ። ሰኞ ቋሚ ቤት ትገባላችሁ። ለቆጠራ አራታችሁም ተገኙ።»

ሰኞ ትርሲት ከእንቅልፏ ከተነሳችበት ጊዜ ጀምሮ እጇን አልለቀቅኩም። ፊቷን የታጠበችው በአንድ እጇ ነው። ሜዳው ላይ ተሰለፍን። አቶ ኩምሳ ስሜን ጠሩ፤ አቤት አልኩ። እልፍነሽን ጠሩ። ወይዘሮ ዘነቡን ጠሩ፤ እትዬ ዘነቡ ጥርት ባለ ድምፅ «አቤት» አሉ።

«ትርሲት ደምስ።»

ማንም አልመለሰም። ዝቅ ብዬ አየሁ። አጥብቄ የያዝኩት የጀሪካኑን እጀታ ነበር።

«የት ናት?» አሉ አቶ ኩምሳ።

«ለጠበል ሄዳለች» አሉ እትዬ ዘነቡ።

አቶ ኩምሳ «ይማርልዎ» ብለው ጻፉ። የእልፍነሽ ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እሷ እየጮኸች ቁልፉን ሰጡን።

ያልሄድንበት ጠበል የለም። በየደጁ ስሟን ጠራን፤ ያያት ሰው አልተገኘም። ቋሚው ቤት ጥሩ ቤት ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ፀሐይ ይገባዋል። ጀሪካኑ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የልጄ እጅ መስሎኝ የያዝኩት እሱን ስለሆነ መጣል አልቻልኩም። እትዬ ዘነቡ አጠገቡ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። በየቀኑ «መቼ ትመለሳለች?» እላቸዋለሁ። በየቀኑ «እኔ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል» ይሉኛል።

ዛሬ ሦስት ወር ሞላ። በዚህ መሃል ትርሲት ስምንት ዓመቷን ደፍናለች። ቀሚስ ሰፍቼላት ግድግዳው ላይ ሰቅዬው ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እልፍነሽ ሮጣ መቀርቀሪያውን ያዘች፤ እኔ ደግሞ እጇን ያዝኩ።

«ማነው?» አልኩ።

«ትርሲት ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነው። ተማሪ ነኝ።»

የልጄ ድምፅ ነው። ደስታው ሊገድለኝ ደረሰ። ቀጥሎ ግን የተናገረችው ልክ ቅጹ ላይ የተጻፈውን ብቻ መሆኑን ልብ አልኩ።

«ጅብ መጣ» አልኩ።

ከውጭ መልስ የለም። በበሩ ሥር ውሃ መግባት ጀመረ።

«ጅብ መጣ፣ ትርሲትዬ!»

«ትርሲት ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነው። ተማሪ ነኝ።»

እልፍነሽ እያለቀሰች «ልቀቀኝ፣ ልክፈትላት» ትለኛለች። የዚያን ጊዜ «አጥንት የለንም» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማን። የመጣው ከበሩ በኩል አልነበረም። ከኋላችን ነው።

ዞር ስንል እትዬ ዘነቡ የጀሪካኑን ክዳን አጥብቀው እየዘጉ ነበር።