ካርቡሬተሩ ውስጥ የነበረው በረዶ

የመካኒኩ እህት ባል፣ ሞተሯ ጠፍቶበት ያሳረፋትን ትንሽ አውሮፕላን በቆሎ መሃል ትቶ በእግሩ እየሮጠ መጣና፣ ከጋራዡ በር ላይ ሆኖ ጮኸ፦

«አንተ የጠገንከው ካርቡሬተር ሊገድለኝ ነበር!»

መካኒኩ ይህን ሰው ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ይንቀዋል። መፍቻውን ያዘና እርሻው ድረስ ሄደ፤ ካርቡሬተሩን ፈትቶ በባትሪ አየው። እንከን የለውም።

«በረዶ ይዞት ነበር» አለ።

«በዚህ ሙቀት?»

«ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ከአየር ጋር ሲደባለቅ እየተነነ ጉሮሮውን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት እዚያው በረዶ ይሆናል። ይህን እንኳ ሳታውቅ ነው የአብራሪነት ፈቃድ የሰጡህ? በረዶውን የሚያቀልጠውን ማሞቂያ ሳብከው?»

«ሳብኩት እንጂ! ሞተሩ ይባስ ሲንተፋተፍ ቶሎ መለስኩት።»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለዚህ ሰው መሆን አለበት።

«የተንተፋተፈው የቀለጠውን ውሃ እየዋጠ ነዋ፣ ጀግናው!»

«እሺ፣ በረዶው የታለ? አሳየኛ!»

መካኒኩ ካርቡሬተሩን መልሶ ማሰር ጀመረ።

«እኔን ልትሰድብ ስትሮጥ ቀለጠ። አየር ላይ ማሞቂያውን ከመመለስ እጅህን ብትሰበስብ ኖሮ እዚያው ይቀልጥልህ ነበር።»