የሠላሳ አንዱ መሐላ

ባላባታችን ራይንፍሪድ ጀግና ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ ያየሁት ጀርባውን ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ፀደይ በመጣ ቁጥር ሰሜኖቹ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጡት ዘራፊዎች፣ በረዣዥም ጀልባዎቻቸው ሴን ወንዝን ሽቅብ ሲቀዝፉ፣ እሱ ሚስቱንና ብሩን ይዞ ወደ ኮረብታው ምሽግ ይፈረጥጣል። እኛ እንቃጠላለን። "ለጥበቃ" እያለ ከጎተራችን ስንዴውን፣ ከበረታችን አሳማውን መውሰድ ግን አንድም ዓመት ረስቶ አያውቅም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኼው ነው።

በሦስተኛው ዓመት ሰሜኖቹ ከመንደራችን አሥራ አንድ ሰው አስረው ወሰዱ። ሁለቱ የባሌ የወልፍራድ እህቶች ነበሩ።

ወልፍራድ ዓሣ አጥማጅ ነው። ወንዙ ውስጥ ግንድ ቸክሎ፣ መሀሉን በቀጫጭን ቅርንጫፍ አጥሮ ዓሣ የሚይዝ ዝምተኛ ሰው። በዚያ ሰሞን ግን "በቃኝ" አለ። ሠላሳ ሰው አስከትሎ ቤተ ክርስቲያን ገባና እጃቸውን መሠዊያው ላይ ጭነው ተማማሉ። አንዱ ሲነካ ሁሉም ሊነሣ፣ ማንም ላይሸሽ፣ የሞተውን ልጆች የቀረው ሊያሳድግ። ቄሳችን አባ አንሶ በር ላይ ቆመው አዩ፤ አልከለከሏቸውም።

እኔ ግን ወልፍራድ ከበሩ ሲወጣ ጠብቄ ያዝኩት። "አንተ ሰውዬ፣ ሰው ለጌታው እንጂ ለጎረቤቱ ይምላል እንዴ?"

"ጌታችን ሲገኝ ለሱም እምላለሁ" አለኝ። "እስኪገኝ ግን ጎረቤቴ ይሻለኛል።"

ሁለታችንም ሳቅን።

በሚቀጥለው ፀደይ፣ ወንዙ ከሚጠብበት ቦታ ላይ፣ የሾሉ ግንዶች ከውኃው በታች ቸከሉ። የመጀመሪያው ጀልባ ሆዱን ተወግቶ ቆመ። ሁለተኛው መጥቶ ተላተመው። ወንዶቻችን መጥረቢያና መንሽ ይዘው ከሸምበቆው ውስጥ ወጡባቸው። ሦስት ሰው ሞተብን። ሰሜኖቹ ግን ሬሳቸውን እንኳ ሳያነሡ ቁልቁል ሸሹ! በዕድሜዬ ሲሸሹ አይቼ አላውቅም ነበር። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ በአራተኛው ቀን ራይንፍሪድ ስልሳ ፈረሰኛ አስከትሎ መጣ። ሊያመሰግነን የመጣ መስሎን ያለንን አወጣን፤ አይብ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ የተረፈችንን አንዲት በርሜል የወይን ጠጅ። ከወንዶቻችን ጋር ተቀምጦ በላ፣ ጠጣ፣ ፈገግ አለ።

"ግሩም ነው" አለ። "ለመሆኑ ይህን ሁሉ ያሰባሰበው ማን ነው? መጀመሪያ የማለውስ?"

ወንዶቹ ተያዩ። አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ኩራቴ አላስቀምጥ አለኝ።

"ባሌ ነው ጌታዬ! ወልፍራድ! ከሁሉም በፊት እጁን የጫነው እሱ ነው!"

መሬት የሚሰጠው መስሎኝ ነበር። ያኔ ምላሴ ተቆርጦ ቢወድቅ ምን ነበረበት!

ራይንፍሪድ ዋንጫውን አስቀመጠ። "ማን ፈቅዶላችሁ ማላችሁ?"

"እርስዎ አልነበሩም፣ ጌታዬ" አለ ወልፍራድ። በትሕትና ነው ያለው፤ አጠገቡ ነበርኩ።

"ዛሬ በሰሜኖቹ ላይ የተማማለ፣ ነገ በኔ ላይ ይማማላል።"

በእጁ ብቻ ምልክት ሰጠ። የኛ ሰዎች መሣሪያቸውን ቤት ትተው ነው የመጡት፤ ጌታውን ሊጋብዝ መጥረቢያ ይዞ የሚመጣ ማን አለ? ፈረሰኞቹ ከመካከላቸው ሰባቱን እዚያው ገበታው አጠገብ ገደሏቸው። የቀሩት ጫካ ገቡ። ወልፍራድ ሲወድቅ የቆረሰው ዳቦ በእጁ ነበር። ስልሳ ፈረስ! ሰሜኖቹ ሲያቃጥሉን ያ ሁሉ ፈረስ የት ነበር? እስኪ የሚመልስልኝ ይምጣ።

በማግስቱ አባ አንሶ የሙታን ስም የሚጽፉበትን መጽሐፍ ይዘው መጡ። ዐይኔን ማየት ፈርተዋል።

"ገርሊንድ፣ ልጄ፣ ስሚኝ። ያለ ፈቃድ የማለ ዐመፀኛ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም ተብሏል። ነገር ግን... ሰባቱንም ሰሜኖቹ እንደገደሏቸው አድርጌ ብጽፍ፣ ባልሽ ከአባቶቹ ጎን ያርፋል።"

"ይህን ማን አሰበው?"

"ራይንፍሪድ ራሱ ነው የላከኝ። አንቺ እሺ ካልሽ..."

ስድስቱ መበለቶች እሺ ብለው ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ልጆች አሏቸው። እኔን ግን ንዴቱ ደሜን አፈላው። ገድሎ አልበቃው ብሎ፣ ወንጀሉን ባሌ ባባረራቸው ሰዎች ላይ ሊለጥፍ!

"አባ፣ ሰሜኖቹ ባሌን አልገደሉትም። ሰሜኖቹ ከባሌ ሸሽተዋል።"

"የተባረከ መሬት እኮ ነው፣ ልጄ! ነፍሱን አስቢ እንጂ!"

"ለነፍሱ ነው የማስበው። በስሙ ላይ ውሸት ጭኜ አልቀብረውም። መጽሐፍዎን ይዝጉት።"

ዘግተው ሄዱ። ሲሄዱ ያለቅሱ ነበር፤ አላባበልኳቸውም።

ጉድጓዱን ራሴ ቆፈርኩ፣ መንገዱ ዳር፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት። ግማሹን ሳላደርስ ከስድስቱ መበለቶች አንዷ አካፋ ይዛ መጣችና ከጎኔ መቆፈር ጀመረች።

አሁን መንገደኛ ሲያልፍ መቃብሩን አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል። "ሰሜኖቹ ናቸው አይደል?" ይለኛል።

"አይደሉም" እለዋለሁ። "ራይንፍሪድ ነው። ምሳ አብልተነው ነው የገደለው።"